መልስ፦ «የቢል ፒኬት ቴምብሬ የተሳሳተው ነው ወይስ የታረመው?»

ስሙን አይተህ አትወስን፤ በሁለቱም ላይ የተጻፈው «ቢል ፒኬት» ነው። በመጀመሪያው፣ ማለትም በተሳሳተው እትም ላይ የተሳለው ግን ወንድሙ ቤን ነው። በፈረስ እየጋለበ ወይፈን ላይ ዘሎ ቀንዱን ይዞ የመጣልን ጥበብ ያስፋፋ ጥቁር ካውቦይ በሌላ ሰው ፊት መታሰቡ ያሳዝናል፤ መታረሙም ተገቢ ነበር።

ሙሉው ሉህ (20 ቴምብር፣ እያንዳንዱ 29 ሳንቲም) ካለህ የሌሎቹን ቴምብሮች ፍሬም በማጉያ መነጽር እይ። በአብዛኞቹ ላይ ሥዕሉን የከበበው መስመር በተሳሳተው ሉህ ከታረመው በግማሽ ይቀጥናል። በስኮት ካታሎግ (ቴምብር ሰብሳቢዎች በሚጠቀሙበት የቁጥር መዝገብ) የታረመው 2869፣ የተሳሳተው 2870 ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከተሳሳተው 150,000 ሉህ በዕጣ ስለሸጠ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ብርቆቹ ፖስታ ቤቱ የተሳሳተውን እትም ከመሰብሰቡ በፊት በስህተት የተሸጡት 183 ሉሆች ናቸው። ከእነዚህ ለመሆኑ ማስረጃ የሚሆነው የዕጣው ሽያጭ ከተጀመረበት ከ1994 መጸው (እ.ኤ.አ.) በፊት ማህተም ተመትቶበት የተላከ ፖስታ ነው፤ እንዲህ ያለ ካለህ ቴምብሩን ከፖስታው አታላቅቅ።

ሉህህንም አትገንጥል፤ ዋጋው በሙሉነቱ ነው። በወረንጦ ያዘው። ሙጫው በውሃ የሚሠራ ስለሆነ እርጥበት ካገኘው ከሚቀመጥበት ፕላስቲክ ጋር ይጣበቃል፤ ከጀርባው የታተመው ጽሑፍም ይበላሻል።