ጥያቄና መልስ፦ ከስትሮክ በኋላ ቤት ውስጥ ራስን ችሎ መንቀሳቀስ

ሐዋሳ ውስጥ ስትሮክ ያገኘውን ሰው ከሚያስታምሙ ቤተሰቦች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ወር ሆነ፤ ቀኝ እጅና እግራቸው ዝሏል። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለቴ እንወስዳቸዋለን። ባለሙያው ፊት በደንብ ይሠራሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን «ነገ» እያሉ ይተኛሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ስንፍና አይደለም፣ እህቴ። ስትሮክ ራሱ ከባድ ድካም ያመጣል፤ አንዳንዴም ተነሳሽነትን የሚመራውን የአንጎል ክፍል ይነካል። ከታካሚዎች ሲሶ የሚሆኑት ደግሞ ድብርት ይይዛቸዋል። ዝም ማለትና ማልቀስ ካበዙ ለሐኪማቸው ንገሩ፤ ይታከማል።

በሳምንት ሁለት ቀን ግን አይበቃም። የተጎዳው የአንጎል ክፍል ይሠራው የነበረውን ሌላው የሚረከበው በብዙ ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ «ስፖርት ሥራ» ከማለት «ምን ማድረግ ናፈቀህ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። «በባጃጅ ሐይቅ ዳር ሄጄ ልቀመጥ» ካሉ ልምምዱ ከዚያ ይወጣል፤ ባጃጅ መግባትና መውጣት ማለት ከዝቅተኛ ቦታ መነሳት ነው።

ለመነሳት ልምምዱ መቀመጫው ሶፋ አይሁን፣ ያሰምጣል። የፕላስቲክ ወንበር በሴራሚክ ላይ ስለሚንሸራተት ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉ፤ ከፍ እንዲል የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፉበት። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይምጡ፣ ሁለቱም ተረከዝ መሬት ይንካ። ቀኙን እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ግራውን ትንሽ ወደ ፊት ያድርጉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ደህናው እግር ወደ ኋላ ከሆነ ሸክሙን ሁሉ እሱ ይወስድና የዛለው ሳይሠራ ይቀራል። ከዚያ አፍንጫቸው ከጉልበታቸው አልፎ እስኪሄድ ወደ ፊት አጎንብሰው ይነሱ፤ ሲቀመጡ ዝግ ይበሉ፣ ዘፍ አይበሉ። የሚደግፍ ሰው በቀኛቸው ቆሞ ወገባቸውን ይያዝ፣ ክንዳቸውን አይጎትት።

አምስት ጊዜ ይነሱ፤ ይህ አንድ ዙር ነው። በቡናው አስሉት፦ አቦል ላይ አንድ ዙር፣ ቶና ላይ አንድ፣ በረካ ላይ አንድ። ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉና ምልክቱን እሳቸው ራሳቸው ያድርጉ። አስር ጊዜ ያለ እጅ ድጋፍ ሲነሱ ብርድ ልብሱን አንሱት።

ጥያቄ፦ እናቴ እጃቸው ጥቂት ይንቀሳቀሳል። እኛ እያጎረስን እንመግባቸዋለን። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ሦስቴ በቀን ከሆነ ግን እጁን ሥራ ያስፈታዋል። አስቀድሞ መዋጥን አረጋግጡ፦ ሲበሉ ወይም ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ባለሙያ ይያቸው። ደህና ከሆኑ በዛለው እጅ የሳህኑን ጠርዝ ይዘው በደህናው ይቁረሱ። ባዶ ሲኒ ከረከቦቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው 20 ጊዜ ያመላልሱ። መልቀምም ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ባቄላ፣ ሲችሉ ሽምብራ፣ በመጨረሻ ምስር። ሲቸገሩ ለመርዳት አትቸኩሉ፣ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። ትኩስ ጀበና ግን አይንኩ፤ የዛለው እጅ ሙቀት ላይሰማው ይችላል።

ጥያቄ፦ ስትሮክ የመታት ዘመዳችን በዛለው በኩል ትከሻዋን ያማታል። ወጌሻ ስቦ ቢያስተካክለው?

መልስ፦ በፍጹም። ጡንቻው ስለዛለ መጋጠሚያው ልል ነው፤ መሳብ የበለጠ ይጎዳዋል። ልብስ ሲለብሱና ሲነሱም በእጅ መጎተት ያው ጉዳት ነው። ስትቀመጥ ክንዷ ትራስ ላይ ይረፍ፤ ሕመሙን ለፊዚዮቴራፒስቷ ንገሩ።

ጥያቄ፦ በቀን ምን ያህል ይበቃል? መቼስ እናቁም?

መልስ፦ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያስቀመጠው፣ አቅም ላለው ታካሚ፣ ንግግርንም ጨምሮ ሁሉም የተሐድሶ ሕክምና ተደምሮ በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 5 ቀን ነው። ቤት ውስጥ በአንዴ አይሞከርም፤ 10 ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ፣ ደግሞ መጀመር። ሐዋሳ ቀትር ላይ ስለሚሞቅ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 በኋላ ይሻላል። የግፊት መድኃኒታቸውን ሳይውጡ አይጀምሩ። ደረት ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም መናገር እስኪያቅት ካለከለኩ ልምምዱን አቁሙ። ድንገት አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ አዲስ ዝለት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ነገ አትበሉ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ስድስት ወር አለፈ። «ከዚህ በኋላ ለውጥ የለም» ተባልን።

መልስ፦ ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው እንጂ በሩ አይዘጋም፤ ከዓመት በኋላም በልምምድ የሚሻሻሉ አሉ። ለውጡ ስለሚዘገይ ግን በዓይን አይታይም። ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሳት ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅባቸው በስልክ ለኩና በየወሩ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት። ሦስት ወር ሙሉ ሠርተው ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ልምምዱ ቀሏቸው ወይም ከብዷቸው ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን ይዛችሁ ባለሙያው ዘንድ ሂዱ።