ቻርሊ ዋርድ፦ ሄይስማን ወስዶ ወደ ቅርጫት ኳስ የሄደው ኳርተርባክ

ስለ ቻርሊ ዋርድ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በአንድ ላይ ልመልስ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው የቅርጫት ኳስ ቡድኑን፣ የኒውዮርክ ኒክሱን ዋርድ ነው። ኳርተርባክ የነበረው ሌላ ሰው ነው?

መልስ፦ ራሱ ነው! ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳለ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው፣ ማለትም ኳርተርባኩ፣ እሱ ነበር። በ1993 ለተችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል ውስጥ አድርሶ ነጥብ ማግኘት) የበቁ 27 ኳሶች ሲያቀብል፣ ተጋጣሚ የነጠቀው 4 ብቻ ነው። ለምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የሚሰጠውን የዚያን ዓመት የሄይስማን ሽልማትም፣ ሁለተኛ የወጣውን ሂዝ ሹለርን በመራጮች ድምፅ በ1,622 ነጥብ በልጦ ወሰደ።

ጥያቄ፦ ዋንጫስ በልቷል?

መልስ፦ በልቷል፤ ያውም ልብ በሚያንጠለጥል ጨዋታ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1994፣ ኦሬንጅ ቦውል የሚባለው የዋንጫ ጨዋታ። ተጋጣሚው ነብራስካ 16 ለ 15 እየመራ ነው፤ የቀረው አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። ዋርድ ቡድኑን እየነዳ ጎሉ አፍ ላይ አደረሰው። የቡድኑ መቺ ስኮት ቤንትሊ በእግሩ መትቶ አገባ፤ 21 ሰከንድ ሲቀር 18 ለ 16 ሆነ። ነብራስካም በመጨረሻዋ ሰከንድ ከ45 ያርድ መትቶ ሳተ። ለአሰልጣኝ ቦቢ ቦውደን የመጀመሪያው ብሔራዊ ዋንጫ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኤንኤፍኤል (የፉትቦሉ ፕሮፌሽናል ሊግ) ለምን ዘለለው? ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ መውጣቱ አልጎዳውም?

መልስ፦ ኮሌጅ እያለ ሁለቱንም ዛፍ ወጥቷል። የፉትቦሉ ወቅት ሲያልቅ ወደ ቅርጫት ኳሱ ነበር የሚሄደው። የኤንኤፍኤል ሰዎች ቁመቱንና የክንዱን ጉልበት ተጠራጠሩ። እሱ ደግሞ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ለሚመርጡበት ድራፍት «በመጀመሪያው ዙር ካልመረጣችሁኝ ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ» የሚል አቋም ያዘ። በሰባቱም ዙር ስሙን የጠራ የለም። ኒክስ ግን በ1994 የቅርጫት ኳሱ ድራፍት በመጀመሪያው ዙር፣ 26ኛ አድርጎ ወሰደው። «ማንም አልፈለገውም» የሚባለው ወሬ ለእኔ አይዋጥልኝም። ዋጋውን ተናገረ፣ የከፈለው ቡድን ጋ ሄደ፤ በቃ።

ጥያቄ፦ የማያሚው ጠብ?

መልስ፦ 1997፤ ኒክስ ከማያሚ ሂት ጋር በጥሎ ማለፍ ሲጫወት። ዋርድ ዝቅ ብሎ ቦታ ሲይዝ የማያሚው ፒ.ጄ. ብራውን አንስቶ ከሜዳ ውጭ ወረወረው። ዋናው ጉዳት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኒክስ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የሚያልፍበትን ተከታታይ ግጥሚያ 3 ለ 1 እየመራ ሳለ ዋርድንና የቡድኑን ኮከብ ዩዊንግን ጨምሮ አምስት ተጫዋቾቹ ታገዱበት፤ 4 ለ 3 ተሸነፈ። እስካሁን የሚቆጨው የኒክስ ደጋፊ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ከፉትቦል ተጫዋቹ ከዋሪክ ደን ጋር ምናቸው ነው?

መልስ፦ የዶርም ጓደኛሞች ነበሩ። የደን እናት ፖሊስ ነበረች። በጃንዋሪ 1993 ተገደለችበት። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደ ታላቅ ወንድም የያዘው ዋርድ ነው። እኔ ከሄይስማኑ ይልቅ ይህን አበልጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከዚያስ ምን ሠራ?

መልስ፦ በ2005 ጫማውን ሰቀለ። ሂውስተንና ፔንሳኮላ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፉትቦል አሰለጠነ። በ2018 ወደ ታላሃሲ ተመልሶ በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሆነ። የቅርጫት ኳስ።