ከኤድጋር አለን ፖ ጀምር

ወንድሜ፣ «ጨለም ያለ፣ የሚያስደነግጥ ልብ ወለድ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ እናቴ ግን መንፈስህን ይረብሸዋል ትለኛለች። ከማን ልጀምር?» ብለሃል። እኔ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከኤድጋር አለን ፖ ጀምር እልሃለሁ። የእናትህ ነገር እኛም ቤት ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ፖን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ከዘረጋ ልጅ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። ማታ ፒያሳ ቤታችን መብራት ጠፋ። ሻማ አበራሁና ገለጥኩት። እ.ኤ.አ. በ1843 የታተመው፣ በእኛ «ምስጢር አውጪው ልብ» ልንለው የምንችለው ታሪክ ወጣ።

ተራኪው ገና ሲጀምር «እብድ አይደለሁም» ብሎ ይሟገታል። ሽማግሌውን ይወደዋል፤ ገንዘቡንም አይፈልግም። የጠላው አንድ ዓይኑን ብቻ ነው፤ ስስ ነገር የጋረደው፣ የጥንብ አንሳ የሚመስል ፈዛዛ ሰማያዊ ዓይን። ሰባት ሌሊት እኩለ ሌሊት ላይ በሩን ገርበብ አድርጎ ያየዋል። ዓይኑ ተጨፍኗል፤ ይመለሳል። በስምንተኛው ሌሊት ገደለው። ቆራርጦም ከወለሉ ሳንቃ ሥር ደበቀው። ሦስት ፖሊሶች ሲመጡ እየሳቀ አስገባቸው፤ የራሱንም ወንበር ልክ ሬሳው ያለበት ቦታ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ የልብ ምት መስማት ጀመረ። ድምፁ እየጎላ፣ እየጎላ ሄደ። ፖሊሶቹ ወሬያቸውን ይዘዋል። እሱ ግን አልቻለም፤ ጮኾ ራሱን አጋለጠ።

ጭራቅ የለ፣ ሰይጣን የለ። እኔን ብርድ ብርድ ያለኝ ያ የረጋ፣ ምክንያት የሚደረድር ድምፅ ነው። ፖን የምወደው ለዚህ ነው፤ ፍርሃቱን ከሰው ውስጥ ነው የሚያወጣው።

በማግስቱ ቡና ላይ ለእናቴ በአማርኛ ተረኩላት። ሲኒዋን እንደያዘች ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «የአቤል ደም ነዋ! ደም መቼ ዝም ይላል?» አለች። ከዚያ ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር «ያ ሰውዬ ሌላስ ምን ጻፈ?» የምትለኝ እሷ ሆነች። በልጅነታችን የጅብና የጭራቅ ተረት የነገረችንም እሷው ናት።

ታሪኮቹን ከፋፍለህ አታንብብ። ፖ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1846 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንድ መቀመጫ የማያልቅ ሥራ የስሜቱ አንድነት ይበተናል ብሏል። እውነቱን ነው። ቀጥለህ ስለ ቀዩ ሞት የጻፈውን አንብብ። ወረርሽኝ አገር ሲጨርስ አንድ ልዑል ሺህ ወዳጆቹን ይዞ ግንብ ውስጥ ይዘጋል፤ ይደግሳል። በ2012 ኮሮና ቤት ሲያስቀምጠን ደግሜ አነበብኩትና እንቅልፍ አጣሁ።

«ጥቁሩ ድመት»ን ግን ለኋላ አቆየው። እንስሳ ላይ የሚፈጸመው ጭካኔ ከባድ ነው። እኔ መሃል ላይ አቁሜ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው የጨረስኩት።

ፖ ራሱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እናቱን፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ደግሞ ሚስቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቷል። በ40 ዓመቱ ሞተ። ሥራዎቹ የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ስልክህ ላይ ጫናቸውና አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተህ አንዱን ጨርስ። ማታ ለእናትህ በቃልህ ተርክላት፤ ምን እንዳለችህም ንገረኝ።