ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ምን ይዞታል?

ልጆቼ፣ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ የእንጨትና የፕላስቲክ መቁረጫ ማሽን) ላይ ለምትሠሩትና ልትጀምሩ ለምታስቡት ነው የምጽፈው። ሶፍትዌሩን አብዛኞቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እሱን ተዉት። እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት ብዙ ሰው ንቆ ስለሚያልፈው ነገር ነው፦ ፕላይውዱን፣ ኤምዲኤፉን (ከተፈጨ እንጨት ተጭኖ የተሠራውን ሰሌዳ) ወይም አክሪሊኩን (የፕላስቲክ ሉሁን) ጠረጴዛው ላይ ስለማሰር።

አዲስ ሰው ሲያስር አራቱን ማዕዘን በክላምፕ (በማጥበቂያ) ጥርቅም ያደርግና ገፋ ገፋ አድርጎ ይሞክራል። ካልተነቃነቀ ማሽኑን ያስነሳል። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ቆርጠህ ስትጨርስ ምን ይዞታል? ሲጀመርማ ሉሁ ሙሉ ነው፣ ይከብዳል፣ ዙሪያውም ታስሯል። ጣጣው የሚመጣው በመጨረሻው ዙር ነው። ቁራጩ ከሉሁ ሲለይ ክላምፑ የያዘው ትርፉን እንጂ ቁራጩን አይደለም። የተፈታ ቁራጭ የሚሽከረከረውን ቢት፣ ማለትም መቁረጫውን ስለት፣ ይነካል። ቢቀል ጠርዙ ይበላሻል፤ ሲብስ ቢቱ ይሰበራል ወይም ቁራጩ ተወርውሮ ሰው ይመታል።

ስለዚህ ማሰር የሚጀመረው ኮምፒውተሩ ላይ በምታዘጋጁት ሥዕል ነው። ድልድይ አስቀሩ፤ ቁራጩን ከሉሁ ጋር አያይዞ የሚይዝ፣ ሳይቆረጥ የሚቀር ትንሽ ክፍል ማለቴ ነው። በ18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ድልድይ ለብዙ ሥራ ይበቃል። ቀጥ ያለ ጎን ላይ አድርጉት፤ ማዕዘንና ጥምዝ ላይ ሲሆን ማጽዳቱ ያሰለቻል። ሌላው ዘዴ ከሥር ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስስ ቆዳ ትቶ በመጨረሻ በቢላ መለየት ነው። የውስጥ ቀዳዳዎች ይቅደሙ፣ የውጭው ዙሪያ ይከተል። ትንንሾቹንም ሉሁ ገና ጠንካራ ሳለ ጨርሱ።

ሁለተኛው ነገር መሀሉ ነው። ሉህ ወደ ጎን ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ወደ ላይም ይነሳል። የተቆረጠውን ፍርፋሪ ወደ ላይ የሚያወጣ ቢት ሉሁንም አብሮ ይስባል። ጠርዙ ታስሮ መሀሉ ጎብጦ ከሆነ ጥልቀቱ ይዛባል። መሀሉን በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ክፍተት አለ። እዚያ ላይ ብሎን ያስፈልጋል፣ ወይም ወደ ታች የሚጫን ቢት።

ስለ ብሎን ትንሽ ላብዛ፣ ቀላል ስለሚመስል። የሥር ሰሌዳው፣ ማለትም ጠረጴዛው እንዳይቆረጥ ከሉሁ ሥር የሚነጠፈው ኤምዲኤፍ፣ ውስጥ ሳትበሱ በቀጥታ ብሎን ብታስገቡ አፉ ዙሪያ ትንሽ ጉብታ ይነሳል። ጣታችሁን አሻሹበት፣ ታገኙታላችሁ። ቀጣዩ ሉህ እዚያ ጉብታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ብሱ፣ አፉንም ጥቂት አስፉት። የላይኛው ሉህ ቀዳዳ ደግሞ ከብሎኑ ጥርስ ሰፋ ይበል። ጠባብ ከሆነ ጥርሱ ሁለቱንም ይነክስና ሉሁ ከሥር ሰሌዳው ከፍ ብሎ ይቀራል። እናንተ አጠበቅሁ ስትሉ እሱ ተንሳፎ ይቀመጣል። የብሎኖቹንም ቦታ ሥዕሉ ላይ አስገቡና ማሽኑ ራሱ መጀመሪያ ይብሳው። ያኔ ቢቱ ከብረት ጋር አይጋጭም። ክላምፕ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ቢቱ ሲሻገር የሚነሳበት ከፍታ ከክላምፑ አናት በላይ መሆኑን አረጋግጡ። የአቧራ መምጠጫውን ብሩሽ አትርሱ፤ እሱም ይጋጫል።

ብሎን ለማይወድ ሥራ ማስኪንግ ቴፕና ሱፐር ግሉ ግሩም ነው። አንዱን ቴፕ ሰሌዳው ላይ፣ ሌላውን ከሉሁ ሥር ለጥፉ፣ ሙጫው በሁለቱ ጀርባ መሀል ይሁን። አቧራ ካለ ግን ልፋታችሁ ገደል ገባ፤ ቴፑ የሚይዘው አቧራውን ነው።

ቫኪዩም፣ ማለትም ከሉሁ ሥር ያለውን አየር በፓምፕ መጥጦ ሉሁን መያዝ፣ የሁሉም ሰው ሕልም ነው። አልቃወምም፣ ግን ሒሳቡን እወቁ። የአየር ግፊት በባሕር ወለል ከፍታ በካሬ ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚጫን ፓምፕ የለም። 1.22 በ2.44 ሜትር ሉህ ላይ ይህ በወረቀት 30 ቶን ይጠጋል። 5 በ5 ሴንቲሜትር ቁራጭ ላይ ግን ቢበዛ 25 ኪሎ ነው፤ በተግባር አየሩ በየተቆረጠው መስመር ስለሚገባ ከዚያም በጣም ያንሳል። ለሰፊ ሉህ ቫኪዩም፣ ለትንንሽ ቁራጭ ድልድይ። የሥር ሰሌዳው ኤምዲኤፍ አየር እንዲያሳልፍ ሁለቱም ፊቱ ይላጥ፤ ጎኖቹ ደግሞ በቀለም ወይም በቫርኒሽ ይደፈኑ።

የሥር ሰሌዳው ሲቦረቦር አትሳሱለት፣ የተነጠፈው ለዚያ ነው። በእርሳስ መስመር አስምሩበትና በሰፊ ቢት በስሱ ላጡት። የእርሳሱ ምልክት የቀረበት ቦታ ዝቅ ያለ ነውና አንድ ዙር ድገሙት። ስትጨርሱ ዜሮውን፣ ማለትም ማሽኑ ከፍታን የሚለካበትን መነሻ፣ እንደገና ያዙ፤ ሰሌዳው ዝቅ ብሏል፣ ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም።