«ሰማያዊ» ብቻ የተጻፈበት ባልዲ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ሆነን ቤት ተከራይተን፣ በአንድ የኤሌክትሪክ እቶን በኮን 6 የሙቀት ደረጃ እያቃጠልን ሸክላ እንሠራለን። ግሌዙን፣ ማለትም ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚሆነውን ልባስ፣ ተራ በተራ እየበጠበጥን በባልዲ እናስቀምጣለን። ጥቅምት ላይ ፈዘዝ ያለ ውብ ሰማያዊ የሰጠን ግሌዝ፣ ጥር ላይ ወደ ጥቁር ተጠግቶ ከስኒዎቹ ላይ ወረደና ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር አጣበቃቸው። ባልዲው ላይ የተጻፈው ‹ሰማያዊ› ብቻ ነው፤ ማን እንደበጠበጠውም አልተስማማንም። እንድፋው ወይስ ይድናል?»

ባልዲውን ገና አይድፉት። ከጻፉልኝ ሁሉ ትኩረቴን የሳበው የወሩ ጉዳይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የአዲስ አበባ ደረቅ በጋ ስለሆነ፣ ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ ባልዲ በእነዚህ ወራት ማንም ሳያየው ውሃውን ያጣል፤ ዱቄቱ ግን የትም አይሄድም። ስኒውን እንደ ቀድሞው ለሦስት ሰከንድ ብቻ ነክራችሁ ብታወጡትም የሚለጠፍበት ልባስ ከቀድሞው ይወፍራል። ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው ኮባልት ያለበት ግሌዝ ሲወፍር ይጠቁራል፤ ሲቀልጥም በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ምልክቶች ተያይዘው መምጣታቸው ከሁሉ አስቀድሜ ውፍረቱን እንድጠረጥር አድርጎኛል።

ይህን ማጣራት ገንዘብ አያስወጣም። ከታች የዘቀጠው ሁሉ እስኪነሳ ድረስ ባልዲውን በደንብ ያማስሉ። ከዚያ ከፋርማሲ በሚገዛ ትልቅ ስሪንጅ፣ ያለ መርፌው፣ 50 ሚሊ ሊትር ይሳቡና ሚዛን ላይ ባስቀመጡት ኩባያ ውስጥ ይጨምሩት፤ የኩባያውን ክብደት አስቀድመው ዜሮ ማድረግዎን አይርሱ። ያገኙትን ግራም በሁለት ሲያባዙ የ100 ሚሊ ሊትር ክብደት ይሆናል። ያው መጠን ውሃ 100 ግራም ሲመዝን፣ ለመንከር የሚመች ግሌዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 እስከ 150 ግራም ይመዝናል።

የእርስዎ ባልዲ 160 ግራም ሰጠ እንበል። የሴቭር ፖርሴሊን ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ብሮንኛር ለዚህ የሚሆን ቀላል ስሌት ትቶልናል፤ ከአንድ ሊትር ግሌዝ ክብደት ላይ 1000 ቀንሰው ቀሪውን በ1.625 ሲያባዙ በዚያ ሊትር ውስጥ ያለውን ደረቅ ዱቄት በግራም ያገኛሉ። በ160 ስንሄድ ሊትሩ 1600 ግራም ስለሚመዝን፣ 600 ሲባዛ በ1.625፣ ማለትም 975 ግራም ይሆናል፤ በ145 ቢሆን ኖሮ 731 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ልዩነቱ ሲሶ ያህል ነው፤ ስኒ ከመደርደሪያ ጋር ለማጣበቅ ከበቂም በላይ ነው። ባልዲው ውስጥ 10 ሊትር ካለ፣ ወደ 145 ለመመለስ 3.3 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ጨምረው፣ አማስለውና እንደገና መዝነው ቀሪውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ከዚያ አንዲት የሙከራ ቁራጭ ነክረው ከሥሯ የሸክላ ሳሕን አስቀምጠው ያቃጥሉ።

ክብደቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ግን ጥፋቱ ያለው ቅመማው ውስጥ ነው፤ ምናልባትም ባልዲው ሲጎድል አንዱ ባልደረባችሁ ሞልቶታል ማለት ነው። ለዚህ ሁለት ጥርጣሬ አለኝ። የመጀመሪያው ኮባልት ነው። የኮባልት ካርቦኔት ሐምራዊ ዱቄት ነው፤ የኮባልት ኦክሳይድ ደግሞ ጥቁር ሲሆን በተመሳሳይ ክብደት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል የበረታ ቀለም ይሰጣል። ቀመሩ ላይ «ኮባልት» ብቻ ከተጻፈ፣ የሚመዝነው ሰው እጁ የገባለትን ዕቃ ይከፍታል። ባልዲው ውስጥ ያለው እርጥብ ግሌዝ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ከሆነ ካርቦኔት፣ ግራጫ ከሆነ ኦክሳይድ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውን ለማስረዳት ብዙዎች በኮን 6 የሚጠቀሙበትን አንድ ቀላል ቀመር ልጥቀስ። ፌልድስፓር፣ ሲሊካ፣ ካኦሊን፣ ዎላስቶናይትና ፍሪት 3134 (ቀድሞ ቀልጦ የተፈጨ፣ በቀላሉ የሚቀልጥ መስታወት) እያንዳንዳቸው 20 ይገባሉ፤ ድምሩ 100 ነው። ለ5 ኪሎ ከአምስቱ አንድ አንድ ኪሎ ይመዘናል። ቀለሙ ከ100ው ውጭ ስለሚቆጠር፣ 1 በመቶ የኮባልት ካርቦኔት ማለት በ5 ኪሎው ላይ የሚጨመር 50 ግራም ነው። ቀመሩ ለማስታወስ እጅግ ይመቻል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ምቾቱ ነው። አምስቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ አምስቱም እኩል ናቸው። በመሃል ስልክ ተደውሎ የተመለሰ ሰው ሲሊካ የጨመረ መስሎት ፍሪቱን ሁለት ጊዜ ቢመዝን፣ አጠቃላይ ክብደቱ ትክክል ይመጣል፣ ግሌዙ ግን እቶን ውስጥ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ስለዚህ ቀመሩን በቃል የሚያውቁት እንኳ ቢሆን በወረቀት ጽፈው፣ እያንዳንዱን ዱቄት ባልዲው ውስጥ እንደጨመሩ ወዲያው አጠገቡ ምልክት ያድርጉ። ከጨመሩ በኋላ እንጂ ከመጨመርዎ በፊት አይሁን። የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ለዘለቄታው ስለሚጎዳ ቢያንስ የኤን 95 ማስክ አድርገው ይመዝኑ፤ ዱቄቱን በውሃው ላይ ይጨምሩ እንጂ ውሃውን በዱቄቱ ላይ አያፍስሱ፤ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ እንጂ አይጥረጉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጽሑፉ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ከሌሎች ጋር በምሠራበት ቤት፣ አንዱ ባልደረባችን ክዳን ላይ «6» ብሎ የጻፈውን ግሌዝ አምኜ አሥራ አንድ ጎድጓዳ ሳሕን ቀባሁ። ለካ 06 ኖሯል። ኮን 06 ወደ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ኮን 6 ደግሞ ወደ 1220 ዲግሪ ስለሆነ፣ በማግሥቱ እቶኑን ስከፍት ሳሕኖቹ በየራሳቸው ኩሬ መሃል ቆመው አገኘኋቸው፤ መደርደሪያውን ለሁለት ቀን በመሮ ስፈለፍል ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ ከኮኑ ቁጥር ጎን ዲግሪውንም እጽፋለሁ። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ባልዲውን አልነካውም።

ጽሑፉን ክዳን ላይ ብቻ አትጻፉ፤ ክዳን ከባልዲ ባልዲ ይቀያየራል። የባልዲውን ገላ በአልኮል ወልውላችሁ በማይለቅ ማርከር ጻፉና ላዩን በሰፊ ግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት። ወረቀት ለጥፎ መተው ባልዲው እስኪታጠብ ብቻ ነው። የቀለሙ ስም ከሁሉ ትንሹ ቁም ነገር ነው፤ የብረት ኦክሳይድ ያለበት ባልዲ ቀይ ሆኖ ታይቶ ከእቶን ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የሚያስፈልገው ቀመሩ የሚጻፍበት መዝገብ ገጽ ቁጥር፣ ኮኑና ዲግሪው፣ የ100 ሚሊ ሊትሩ ክብደት፣ የበጠበጠው ሰው ስምና ቀኑ ነው። ቀመሩ ሙሉውን መዝገቡ ላይ ይስፈር፣ ኮባልቱም ካርቦኔት ይሁን ኦክሳይድ እዚያው በግልጽ ይጻፍ። ባልዲ የሞላ ሰው ደግሞ አዲስ ገጽ ይከፍታል፤ የተሞላ ባልዲ ሌላ ባልዲ ነውና።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። «5/1/17» ብሎ መጻፍ በእኛ አገር ከምንም አይቆጠርም። አንዱ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሎ ሲያነበው፣ ሌላው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ይለዋል፤ አሜሪካ የኖረ ባልደረባ ካላችሁ ደግሞ ሜይ 1 ሊያደርገው ይችላል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ጭቅጭቁን ያስቀረዋል።

ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ የምተማመነው ግን በባልዲው እጀታ ላይ በሽቦ የሚታሰር የሸክላ ቁራጭ ነው። ከምትሠሩበት ጭቃ ጣት የሚያህል ቀጭን ቁራጭ ሠርታችሁ ጫፉን ብሱት፤ መጀመሪያ ከተቃጠለ በኋላ ግማሹን አንድ ጊዜ፣ ታችኛውን ሩብ ሁለት ጊዜ ንከሩት፤ ባዶ በቀረው ላይ የገጹን ቁጥር በውሃ በተበጠበጠ የብረት ኦክሳይድ ጽፋችሁ አቁማችሁ አቃጥሉት። ቁጥሩ አይለቅም፣ አይታጠብም። ሁለት ጊዜ የተነከረው ክፍል ከወረደ ግሌዙ ሲወፍር እንደሚፈስስ ቁራጩ ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ያለውን ባልዲ በተመለከተ፣ ሙከራው እስኪወጣ ድረስ «ሰማያዊ» የሚለውን አጥፍተው «ያልታወቀ፣ ለሙከራ ብቻ» ብለው ይጻፉበት። ሙከራው ቢያምርም ቀመሩ እስካልተገኘ ድረስ በስኒ ውስጠኛ ክፍል አይቀቡት፤ ለአበባ ማስቀመጫ ውጫዊ ገጽ ይዋል፣ ከግርጌውም ጣት የሚያህል ቦታ ሳይቀባ ይተው።