ከክፍል ያስወጣሁት ልጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ጋንዲ ህንድ ውስጥ ያለ ጠብመንጃ ያሸነፈው ገዢው እንግሊዝ ስለሆነለት አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጥያቄውን ከአርባ ዓመት በፊት ሰምቼው ነበር።

1977 ዓ.ም. ይመስለኛል፤ ፒያሳ አካባቢ ታሪክ አስተምራለሁ። የእንግሊዝን የጨው ግብር ለመቃወም የተደረገውን የጨውን ጉዞ እየተረክሁ ነው፤ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1930 ከ78 ተከታዮቹ ጋር ከሳባርማቲ ተነስቶ፣ 24 ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ግብር ያልተከፈለበት ጨው ሲያነሳ። እኔን ያስተማረኝ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ይህን ሲያወራ ጠመኔ ፈርፍሮ በመዳፉ ያሳየን ነበር (ሒሳቡንማ ረስቼዋለሁ)። እኔም እንደሱ ጠመኔ ፈረፈርኩ። ይሄኔ ከኋላ አንድ ቀጭን ልጅ ብድግ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ግራዚያኒ ፊት ቢሆንስ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መልስ የለኝም። ዘመኑም ስለ እምቢታ አፍ ሞልቶ የሚወራበት አልነበረም። «ውጣ!» አልኩት። ደብተሩን ሳይሰበስብ ወጣ።

ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አጠገብ አለፍኩ። በየቀኑ አልፍበታለሁ። በ1928 ዓ.ም. አርበኞችን አውግዝ ሲባሉ እምቢ ብለው፣ ባዶ እጃቸውን ጥይት ፊት የቆሙት ጳጳስ! በማግስቱ ልነግረው አሰብኩ። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ልጁ ትምህርት ቤት ቀየረ።

ይህም ቢሆን ሙሉ መልስ አይደለም። አቡኑ ጠብመንጃ ላነሱት አርበኞች ቆሙ እንጂ ጠብመንጃን አላወገዙም።

እንግሊዝም ቢሆን አልራራም። ጋንዲ ከታሰረ በኋላ ዳራሳና የጨው ማምረቻ ላይ ሰልፈኞቹ በተራ በተራ እየቀረቡ፣ ጫፉ ብረት የለበሰ ዱላ ሲወርድባቸው ለመከላከል እንኳ እጃቸውን አላነሱም። ይህ የዋህነት አይደለም፤ ልምምድ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ቻውሪ ቻውራ በተባለች የህንድ ከተማ ሰልፈኞች ፖሊሶችን ከነጣቢያቸው ሲያቃጥሉ ጋንዲ የያኔውን የእምቢታ እንቅስቃሴ ያቆመው፣ ሕዝቡ ገና አልተዘጋጀም ብሎ ነው። እናንተ ግን ስልክ ላይ ሁለት መስመር ጽፋችሁ በማግስቱ ድል ትጠብቃላችሁ። ምን አፌን ያስከፍተኛል፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ ሁለት መስመርም አልጻፍኩ።

ለልጅቷ «ቆይ፣ ላስብበት» ብዬ ስልኳን ተቀብያለሁ። ቅዳሜ እደውልላታለሁ።