ወረዳው «ጀምሩ» ሲላችሁ መጀመሪያ አስፈርሙ

ሰላም እህቴ። «ወላጆች ተሰባስበን ሁለት መማሪያ ክፍል ልንሠራ ነው፤ ወረዳው እናንተ ግድግዳውን አቁሙ፣ ቆርቆሮውን እኛ እንችላለን ብሎናል፤ ከየት እንጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይችን ቃል አውቃታለሁ። እኛን ያቃጠለችን እሷ ናት።

እኔ ደቡብ ወሎ ውስጥ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሦስት ልጆቼ እዚያው ተምረዋል። ኮሚቴ ስለመምረጥ አልነግርሽም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ወደ ዋናው ልግባ።

1. «ጀምሩ» ያላችሁ ሰው ይፈርም፤ ማኅተምም ይኑረው።

ነገሩ የተጀመረው በ2009 መጨረሻ ነው። በአንድ ክፍል 80 ልጅ ይታጨቅ ነበር። ደረጃው 50 ነበር። ትንንሾቹ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። አንድ ኃላፊ መጥቶ በስብሰባ መሀል «ግድግዳው ከእናንተ፣ ጣሪያው ከእኛ» አለን። አጨበጨብን። ሸሁም ቄሱም መረቁ። ቃለ ጉባኤ የያዘ ግን አንድ ሰው አልነበረም።

ሰብል እንደገባ ሥራ ጀመርን። ድንጋዩን በአህያም በትከሻም አመጣን። በጭቃ እየያዝን ግድግዳውን አቆምን። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቆርቆሮውን ልንጠይቅ ሄድን። ያ ኃላፊ ተዛውሯል። በቦታው የተቀመጠው ሰው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ማን ጀምሩ አላችሁ? ደብዳቤ አሳዩኝ» አለን። አብረውን የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ተቀመጡ የሚላቸው ጠፋ። በእኛ አገር ደጅ የመጣ ሰው፣ ያውም ሽማግሌ፣ እንደዚያ ይደረጋል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መሐንዲስ የመጣልን ከስንት ምልልስ በኋላ ሰኔ ላይ ነው። እሱ እንኳ ጨዋ ልጅ ነበር። ለካው፤ ክፍሉ ከተፈቀደው ፕላን ይጠባል፣ መሠረቱም ጥልቀት ይጎድለዋል። «እኔ በዚህ ላይ ብፈርም ነገ ልጅ ላይ ይወድቃል» አለ። እውነቱን ነው። እንዲያም ሆኖ እናስተካክል ብንል ግዥው ፕሮፎርማ (የነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰብሰብ፣ ይወዳደር፣ ይጽደቅ ነው። ሰኔ 30 ደረሰ። የበጀት ዓመቱ ተዘጋ። ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ተመላሽ ሆነ። ሐምሌ ዝናቡ ገባ። ጭቃው ራሰ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ተናደ። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ። የአንድ ዓመት ጉልበታችን ግን መሬት ላይ ፈሰሰ።

ስለዚህ መሐንዲሱ ቦታውን ሳያይ፣ ፕላኑ እጃችሁ ሳይገባ ድንጋይ አታስወርዱ። በጀቱም የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቂ። ከግንቦት በኋላ «ይሰጣችኋል» ቢሉሽ አትተማመኚበት።

2. ጉልበታችሁን በብር ተምናችሁ ጻፉት።

ወረዳው ከክልል ጥቅል በጀት ይደርሰዋል። አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። ለግንባታ የምትተርፈዋን ትንሽ ገንዘብ ደግሞ ስንቱ ትምህርት ቤት ያያታል። ሕዝቡ ይህን ያህል አዋጥቷል ብሎ በወረቀት ያሳየ ይቀድማል። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ ለመማሪያ ዕቃ፣ ለጥገናና ለመሳሰለው ይሆናል እንጂ ክፍል ለመገንባት አይበቃም። እሱን ተስፋ አድርጋችሁ እንዳትጀምሩ።

እኛ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሠራ አልጻፍንም። ሪፖርቱ ላይ የእኛ መዋጮ ባዶ ነበር! በሁለተኛው ዓመት እንደ አዲስ ስንጀምር አንድ ደብተር ገዛሁ። ስም፣ ቀን፣ ያመጣው ድንጋይ፣ የሰጠው አጣና፣ ሁሉንም ጻፍኩ። የቀን ሠራተኛ በሚከፈለው ሂሳብ አባዛነው። ድምሩን ሲያዩ ቢሮው ውስጥ ያሉት ራሳቸው ደነገጡ። ያን ቀን ወንበር አመጡልን።

3. ማንንም አታስገድዱ። «ያልከፈለ ልጁ አይመዘገብም» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም፤ እኛም ጋ ነበር። በእኛ ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነፃ ነው ይል ነበር። መዋጮ በፈቃድ ነው። ደግሞም ያ መናገሩ ብቻ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ልጇን ይዛ እንድትቀር አድርጓል። ቤቷ ድረስ ሄደን ለምነን መለስነው።

4. ቅሬውን፣ እድሩን ማለቴ ነው፣ ያዙ። ወረዳ የጠራው ስብሰባ ላይ የማይመጣ ሰው ቅሬ ሲጠራው ይመጣል። ሁለተኛው ዙር የተሳካልን በቅሬ ዳኞቹ ነው። ጁምዓን፣ እሑድን፣ የገበያውን ቀን፣ ሚካኤልንና ማርያምን አውጥተን በቀረው ቀን በየጎጡ ተራ ገባን። እስላም ክርስቲያን የለም፤ ሁሉም ወጣ። እናቶች ውኃውን በጀሪካን አመላለሱ፣ ቡናውንም እዚያው አፈሉ። የሴት ተማሪዎቹ መፀዳጃ ከወንዶቹ ይራቅ፣ በሩም ከውስጥ ይቆለፍ ብለው የተከራከሩት እነሱ ናቸው። እኛ ወንዶቹ አላሰብነውም ነበር። መጀመሪያ ላይ ወጪ ይበዛል ብዬ ተቃውሜ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ በወር አበባቸው ቀን ቤት መቅረት ተዉ።

ጣሪያው የካቲት ላይ ተመታ። ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ከመንገዱ ይታይ ነበር። እኒያ ምርኩዝ የያዙት ሽማግሌ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት። ምንም አልተናገሩም። እኔ ግን አለቀስኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የደብተሩን፣ የደረሰኙን፣ የንብረት መዝገቡን ቅጂ ከትምህርት ቤቱ ውጭ አስቀምጡ። በ2014 ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ዴስኩ ማገዶ ሆነ፣ የርእሰ መምህሩ ቢሮም ተዘረፈ። በኋላ የጠፋው ሲመዘገብ ብዙ ትምህርት ቤት ምን እንደነበረው ማሳየት አልቻለም። የእኛ ቅጂ እኔ ቤት፣ እህል ጎተራ ውስጥ ነበር። ዴስክ በዴስክ ቆጥረን አስመዘገብን። ክፍሎቹ ቆመዋል፤ ዛሬም ይማሩባቸዋል።

በሁለተኛው ዙር የያዝነውን ቃለ ጉባኤ ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። እሱን አስመስላችሁ ጻፉ። ነገ ወረዳ ስትሄጂም ብቻሽን አትሂጂ፤ ከቅሬው ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂና ሳይፈርሙ እንዳትመለሱ።